የፍርፋሪ ዋጋ፦ «ክራምብስ» የተባለው ፊልምና የድንገተኛ ዝና ነገር

መግቢያ

«በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» ይላል ያገራችን ተረት። ሰው በቅርቡ ያለውን ነገር ዋጋ አሳንሶ የማየት ልማድ እንዳለው ለማስረዳት የተነገረ ነው። በ2015 ለሕዝብ የታየው «ክራምብስ» የተሰኘ የአማርኛ ፊልም (ስሙ በአማርኛ ሲመለስ «ፍርፋሪ» ማለት ነው) ይህንኑ ተረት ገልብጦ፣ ከእጅ የወጣ መዳብ በምን መንገድ ወርቅ ሊሆን እንደሚችል ይጠይቃል። ጥያቄው በሳቅ የተጠቀለለ ቢሆንም ቀላል አይደለም። አንድን ዕቃ የጥበብ ሥራ፣ አንድን ሰው ደግሞ ዝነኛ የሚያደርገው ማን ነው? ዳኛው ተመልካቹ ነው፣ ነጋዴው ነው ወይስ ታሪክ ጸሐፊው?

በዚህ አጭር ሐተታ በመጀመሪያ የፊልሙን ይዘት በጥቅሉ እናቀርባለን። ቀጥለን ስላቁ የቆመበትን መሠረት እንመረምራለን። በመጨረሻም ይኸው ስላቅ በኢትዮጵያ ቅርስና በስደት በሚኖሩ የጥበብ ሰዎቻችን ሕይወት ላይ ምን ብርሃን እንደሚፈነጥቅ ለማሳየት እንሞክራለን። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

፩. የፊልሙ ይዘት

«ክራምብስ» 68 ደቂቃ ብቻ የሚፈጅ ፊልም ነው። የደረሰውና ያዘጋጀው ሚጌል ያንሶ የተባለ ስፔናዊ ሲሆን፣ ዋና ዋናዎቹን ገጸ ባሕርያት የተጫወቱት ዳንኤል ታደሰና ሰላም ተስፋዬ ናቸው። ፊልሙ በ2015 መጀመሪያ በሮተርዳም ዓለም አቀፍ የፊልም ፌስቲቫል ላይ ቀርቧል።

ታሪኩ የሚፈጸመው የዛሬው ሥልጣኔ በጦርነት ከጠፋ በኋላ ነው። ከሰው ዘር የቀሩት ጥቂቶች በፍርስራሽ መካከል ተበታትነው ይኖራሉ። በሰማዩ ላይ አንድ ግዙፍ የጠፈር መርከብ ለብዙ ዘመን ያለ እንቅስቃሴ ተንጠልጥሎ ይታያል። ካንዲ የተባለው ቁመተ አጭር ሰው ባለቤት አልባ በሆነ የቦውሊንግ መጫወቻ አዳራሽ ውስጥ በርዲ ከምትባል ወዳጁ ጋር ይኖራል። ያለፈውን ሥልጣኔ ፍርፋሪ መልቀም ሰልችቶታል፤ የትውልድ ቦታው ሌላ ዓለም እንደሆነና የጠፈር መርከቡ አንድ ቀን ወደዚያ እንደሚወስደው ያምናል። የአዳራሹ መሣሪያ ማንም ሳይነካው በራሱ መንቀሳቀስ ሲጀምር፣ መርከቡ የመንቃት ምልክት ያሳየ መስሎት ምሥጢሩን ፍለጋ ይወጣል። በመንገዱም ጠንቋይ፣ የገና አባትና የናዚዎች ሁለተኛ ትውልድ ያጋጥሙታል።

ከቀረጻው ቦታዎች አንዱ በአፋር የሚገኘው ዳሎል ነው። አንባቢ እንደሚያስታውሰው፣ ዳሎል በሃያኛው ክፍለ ዘመን የኢጣልያና በኋላም የአሜሪካ ኩባንያዎች የፖታሽ ማዕድን ሲፈልጉበት ቆይተው ጥለውት የሄዱት ምድር ነው። ስለዚህ አዘጋጁ የጠፋ ሥልጣኔን ለማሳየት ከእንጨትና ከካርቶን ፍርስራሽ መሥራት አላስፈለገውም። የሌላ ሰው የሥልጣኔ ሕልም የተተወበት ሥፍራ ተዘጋጅቶ ጠብቆታል።

የፊልሙ እምብርት ግን ከጉዞው ይልቅ ዕቃዎቹ ናቸው ብንል አንሳሳትም። በዚያ ዓለም የኒንጃ ኤሊ አሻንጉሊት እንደ ክታብ በአንገት ይንጠለጠላል። ማክስ ስቲል የተባለው የልጆች መጫወቻ እንደ ብርቅ ቅርስ ይታያል። በርዲ የምትጸልየው የቅርጫት ኳስ ተጫዋቹ የማይክል ጆርዳን ሥዕል በተሰቀለበት መሠዊያ ፊት ነው። በ1991 የወጣው የማይክል ጃክሰን «ዴንጀረስ» ሸክላም ከውድ ዕቃዎች ተራ ገብቷል። አንድ የአሮጌ ዕቃ ነጋዴ እነዚህን ዕቃዎች እየተቀበለ ይገምታል፤ ስለ እያንዳንዳቸውም የረጋና የተከበረ ድምፅ አውጥቶ የትውልድ ታሪክ ይናገራል።

፪. ስላቁ የቆመበት መሠረት

ስለ ሥነ ጥበብና ስለ ድንገተኛ ዝና የሚሣለቁ ፊልሞች ቀድሞም ነበሩ። ለምሳሌ ያህል ሮጀር ኮርማን በ1959 ያዘጋጀውን «ኤ በከት ኦቭ ብለድ» (አንድ ባልዲ ደም) መጥቀስ ይቻላል። በዚያ ፊልም ባለቅኔዎችና ሠዓልያን በሚሰበሰቡበት ቡና ቤት የሚሠራ፣ ተሰጥዖ የሌለው አስተናጋጅ ሳያስበው አንድ ድመት ይገድላል። ወንጀሉን ለመሸሸግ ሬሳውን በጭቃ ሲለብጠው፣ የቡና ቤቱ አዋቂዎች «ታላቅ ቀራጺ ተገኘ» ብለው ያደንቁታል። ከዚያ በኋላ የጭብጨባው ጥማት ወደ ሰው መግደል ያደርሰዋል። በዚህ ዓይነቱ ስላቅ መሣቂያዎቹ ሁለት ናቸው፤ አንደኛው አታላዩ፣ ሁለተኛው ደግሞ ዐውቃለሁ ባዩ አድናቂ ነው።

«ክራምብስ» ከዚህ የሚለየው በውስጡ አታላይ ባለመኖሩ ነው። ነጋዴው የሚናገረውን ያምናል። በርዲ ከልቧ ትጸልያለች። ማንም በማንም ላይ አይሥቅም፤ የሚሥቀው ተመልካቹ ብቻ ነው። ተመልካቹም የሚሥቀው ዕቃው ምን እንደ ነበረ፣ በስንት ሳንቲም እንደ ተሸጠና በየትኛው ሕፃን እጅ እንደ ተሰበረ ስለሚያውቅ ነው። እንግዲህ በዕቃው ላይ የተፈጸመው ለውጥ በሦስት ነገሮች ላይ የቆመ ሆኖ እናገኘዋለን። አንደኛ፣ ዕቃው ጥቂት ሆኗል። ሁለተኛ፣ ሠሪውና ተጠቃሚው ጠፍተዋል። ሦስተኛ፣ በእነርሱ ምትክ ታሪኩን የሚናገር ሰው ተገኝቷል። ከሦስቱ ኃይለኛው ሦስተኛው ነው። ጥቂት መሆን ብቻውን ዋጋ አይሆንም፤ ተናጋሪ ያላገኘ ብርቅ ዕቃ ቆሻሻ ሆኖ ይቀራል።

ይህ አሠራር ለኛ እንግዳ አይደለም። ፊልሙ የሚናገረው በሰምና ወርቅ ነው። ሰሙ የአሻንጉሊቱ መቀደስ ነው፤ ወርቁ ደግሞ የኛው ዘመን ሙዚየምና ገበያ ነው። አዝማሪ ባለጸጋውን በፊቱ እያሞገሰ ጎኑን እንደሚወጋው ሁሉ፣ ፊልሙም የዘመኑን ዕቃ ከመጠን በላይ በማክበር ያዋርደዋል።

፫. የስላቁ መፈጸም

ይህን ሐተታ የምንጽፍባት ቱክዊላ ከሲያትል በስተደቡብ፣ ከሲያትል ታኮማ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ የምትገኝ አነስተኛ ከተማ ናት። ስሟ በአካባቢው የሚነሣው በ1968 በተከፈተው ሳውዝሴንተር የተባለ ሰፊ የገበያ አዳራሽ ነው። የፊልሙ ቅዱሳን ንዋያት የሚወለዱት እንዲህ ባለ አዳራሽ መደርደሪያ ላይ ነው። ይሁን እንጂ በመደርደሪያውና በመሠዊያው መካከል ያለው ርቀት የሰው ልጅ እስኪጠፋ ድረስ የሚያስጠብቅ አልሆነም።

ፊልሙ ከታየ ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በመስከረም 2022 ማይክል ጆርዳን በ1998ቱ የፍጻሜ ውድድር የመጀመሪያ ጨዋታ ላይ ለብሶት የነበረው መለያ ሶዝቢስ በተባለው የጨረታ ድርጅት በ10.1 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። በኅዳር 2023 ይኸው ድርጅት በ1970 አዲስ አበባ የተወለደችውን፣ ከቤተሰቧ ጋር በልጅነቷ ወደ አሜሪካ የተሰደደችውን የሠዓሊት ጁሊ ምሕረቱን አንድ ሥዕል በኒው ዮርክ በ10.7 ሚሊዮን ዶላር ሸጠ። በአንድ ጎን የላብ ልብስ፣ በሌላ ጎን የብዙ ዘመን ጥናትና ድካም የወለደው ሥዕል፤ በገበያው ሚዛን ላይ ሁለቱ ተቀራራቢ ሆነው ተገኙ። በኅዳር 2024 ደግሞ ማውሪሲዮ ካተላን የተባለው ኢጣልያዊ በ2019 በግድግዳ ላይ በማጣበቂያ ፕላስተር የለጠፈውና «ኮሜዲያን» ብሎ የሰየመው ሙዝ በዚያው ድርጅት በ6.2 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ገዢው ሙዙን በሕዝብ ፊት ላጠና በላው። ለጨረታው የቀረበው ሙዝ ከመንገድ ዳር ፍራፍሬ ሻጭ በ35 ሳንቲም የተገዛ ነበር።

እነዚህን ምሳሌዎች የጠቀስነው የጁሊ ምሕረቱን ሥራ ከሙዙ ጋር ለማስተካከል አይደለም። ዋጋና ብቃት በተለያየ መንገድ እንደሚሄዱ ለማሳየት ነው። ሥዕሉ ቢረክስም ሥዕልነቱ አይቀንስም፤ ሙዙ ቢወደድም የሚገባው ምስጋና አይጨምርም። ዋጋን የብቃት ምስክር አድርጎ የሚቆጥር ኅብረተሰብ ግን በርዲ ከቆመችበት መሠዊያ ሩቅ አይደለም።

፬. የተገለበጠው መስተዋት፦ መቅደላ

በፊልሙ ውስጥ የልጅ መጫወቻ ወደ ቅዱስ ዕቃነት ይለወጣል። የኢትዮጵያ ታሪክ የዚህን ተቃራኒ፣ ማለትም ቅዱሱ ዕቃ እንዴት ወደ ሸቀጥነት እንደሚወርድ አሳይቶናል።

በሚያዝያ 1868 የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ከያዘና ዐፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ከሠዉ በኋላ፣ ከምሽጉና ከመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን የተዘረፈው ዕቃ በ15 ዝሆኖችና ወደ 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ተጭኖ ወደ ደላንታ ሜዳ ወረደ። በዚያም ለሁለት ቀን ጨረታ ተካሄደ። የብሪቲሽ ሙዚየም ወኪል የነበረው ሪቻርድ ሆምዝ ከጦሩ ጋር ዘምቶ ስለ ነበር ከገዢዎቹ ዋነኛው እርሱ ሆነ። የወርቅ ዘውድና ጽዋ ከአንድ ወታደር እጅ በ4 ፓውንድ ገዛ። ለሙዚየሙም ወደ 350 የሚደርሱ የብራና መጻሕፍትን አገኘ።

እዚህ ላይ የፊልሙን ነጋዴ ማስታወስ ይገባል። በደላንታ የዕቃዎቹ ሠሪዎችና ባለቤቶች አልጠፉም ነበር፤ ካህናቱም፣ ጸሐፊዎቹም፣ ምእመናኑም በአገራቸው ላይ ነበሩ። የተወሰደባቸው ግን ዕቃው ብቻ አልነበረም፤ ስለ ዕቃው የመናገር ሥልጣንም ጭምር ነው። ጽዋው ለንደን ሲደርስ የወርቅ አንጥረኝነት ናሙና ሆነ። ብራናው የመደርደሪያ ቁጥር ተሰጠው። ታቦቶቹ ደግሞ ከሁሉ የሚያስገርም ዕጣ ደረሰባቸው። በብሪቲሽ ሙዚየም የሚገኙት 11 ታቦታት ከካህን በቀር ማንም እንዳያያቸው በሚል ተከልለው ተቀምጠዋል፤ ለተመልካች ቀርበው አያውቁም። ማንም የማያየውን ዕቃ የሚጠብቅ ሙዚየም በፊልም ቢቀርብልን ኖሮ ደራሲው ስላቁን አበዛው እንል ነበር።

አንዳንድ ቅርሶች ተመልሰዋል። በኤዲንብራ በአንድ ቤተ ክርስቲያን የተገኘው ታቦት በ2002 አዲስ አበባ ሲገባ ሕዝቡ አደባባይ ወጥቶ በእልልታ ተቀብሎታል። በዚያን ቀን ዕቃው ከታሪክ ናሙናነት ወደ ታቦትነቱ ተመለሰ፤ ለውጡን ያመጣው የዋጋ ግምት ሳይሆን ስለ እርሱ የሚያውቀው ሕዝብ ነው።

፭. ካሴቱና ታክሲው

ከዕቃ ወደ ሰው እንለፍ። በስደት ላይ ላለነው አንባቢዎች የበለጠ የሚቀርበን ይህ ነው።

የዋልያስ ባንድ መሪ የነበሩት አቶ ኃይሉ መርጊያ በ1981 ከባንዱ ጋር ለሙዚቃ ጉዞ ወደ አሜሪካ መጥተው በዚያው ቀሩ። በ1985 በዋሽንግተን አኮርዲዮንን ከኤሌክትሪክ መሣሪያዎች ጋር አዋሕደው፣ ብቻቸውን ሁሉንም እየተጫወቱ አንድ ካሴት ቀረጹ። ካሴቱ ወደ አገር ቤት ገብቶ ተሸጠ፤ ከጊዜ በኋላም ተረሳ። እርሳቸውም በዋሽንግተን አካባቢ በታክሲ ሾፌርነት ተሠማሩ። ተሳፋሪ በሚጠብቁበት ሰዓት ከመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ ኪቦርዳቸውን አውጥተው ይለማመዱ ነበር። ከዓመታት በኋላ አንድ አሜሪካዊ የሙዚቃ ሰብሳቢ ያንን ካሴት ባሕር ዳር ውስጥ ከአንድ ካሴት ቤት አገኘው፤ በ2013ም እንደገና አሳተመው። አቶ ኃይሉ በስድሳዎቹ ዕድሜያቸው በአውሮፓና በአሜሪካ መድረኮች ላይ ተፈላጊ ሆኑ። በ2018 «ላላ በሉ» የተባለ አዲስ አልበም አወጡ።

የዓለም ጋዜጦች ይህን «ድንገተኛ ዝና» ብለው አወሩት። ለማን ነው ድንገተኛ የሆነው? በ1970ዎቹ በአዲስ አበባ ሒልተን ሆቴል የዋልያስን ሙዚቃ ለሰማ ሰው አቶ ኃይሉ አዲስ ሰው አልነበሩም። ዝናው ድንገተኛ የሆነው ለፊልሙ ነጋዴ፣ ማለትም ዕቃው የመጣበትን ለማያውቀው ገበያ ነው።

የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩም ታሪክ ከዚህ ጋር ይቀራረባል። የፒያኖ ድርሰቶቻቸው በመጀመሪያ በሸክላ የታተሙት በ1967 በጀርመን አገር ሲሆን፣ ገቢውን ያዋሉት ለበጎ አድራጎት ነበር። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለው ፈረንሳዊ «ኢትዮፒክስ» በሚለው ተከታታይ ኅትመት 21ኛ ቅጽ ውስጥ በ2006 ካወጣላቸው በኋላ ስማቸው በዓለም ናኘ። እርሳቸው ግን እስከ ዕረፍታቸው፣ እስከ 2023 ድረስ፣ በኢየሩሳሌም የኢትዮጵያ ገዳም የምንኩስና ኑሯቸውን አልለወጡም። ዝናን እንደ ፍርፋሪ ቆጥሮ ማለፍም እንደሚቻል ያሳዩ ናቸው።

የውጭ አሳታሚዎችን ለመንቀፍ አይደለም ይህን የምንለው። ፋልሴቶ ባይደክም ብዙ ሸክላ ጠፍቶ በቀረ ነበር፤ ምስጋና ይገባዋል። ነገር ግን የመጀመሪያውን ቃል የሚናገረው ሌላ ሰው ሲሆን፣ ታሪኩ የሚጀምረው እርሱ ካገኘበት ቀን ይሆናል። ከዚያ በፊት የነበረው ሕይወት፣ አድማጩ፣ የባንድ ጓደኞቹ፣ የግጥሙ ደራሲ፣ ካሴት ያባዛው ነጋዴ ሁሉ ከትረካው ይወጣሉ።

፮. የፊልሙ የራሱ ዝና

ፍትሐዊ ለመሆን ይኸው መመዘኛ በ«ክራምብስ» ላይም መሠራት አለበት። ፊልሙ በውጭ አገር ሲታይ ብዙ ሐያስያን «የመጀመሪያው የኢትዮጵያ የሳይንስ ልብ ወለድ ፊልም» እያሉ አሞገሱት። ምስጋናው ተገቢ ነው፤ ሥራው የፈጠራ ኃይል ያለው ነው። ይሁን እንጂ ከ1960ዎቹ «ሂሩት አባቷ ማነው?» ጀምሮ የመጣው፣ ከ2000 ወዲህም በዲጂታል ካሜራ እየተሠራ በአዲስ አበባ ሲኒማ ቤቶች ረጅም ሰልፍ ያሰለፈው የአማርኛ ፊልም፣ በተለይም አስቂኙ የፍቅር ፊልም፣ ከእነዚያው ሐያስያን አብዛኞቹ ዘንድ አልደረሰም። ሰላም ተስፋዬ በአገሯ ተመልካች ዘንድ ዕውቅ ተዋናይት ናት፤ በውጭው ጽሑፍ ግን ብዙውን ጊዜ የምትጠቀሰው በዚህች በአንዲት ሥራ ነው።

በዚህም ፊልሙ ሳያስበው የራሱ ስላቅ ምሳሌ ሆነ። ከትልቅ ማዕድ ላይ አንድ ፍርፋሪ ተነሥቶ በሩቅ አገር ብርቅ ሆነ፤ ማዕዱ ግን አልታየም። ጥፋቱን በአዘጋጁ ላይ የምንጥለው አይደለም። አዘጋጁ በአማርኛ ሠርቷል፤ ቁመተ አጭሩን ዳንኤል ታደሰን የጉዞው ጀግናና የፍቅሩ ባለቤት አድርጎ አቅርቧል፤ ይህ በብዙ አገር ሲኒማ የማይደፈር ነው። ጉድለቱ ማዕዱን የሚገልጥ ጽሑፍ በበቂ ሁኔታ አለመኖሩ ነው። በ2018 «ሲኒ-ኢትዮጵያ» በሚል ርእስ በእንግሊዝኛ የታተመው፣ አቦነህ አሻግሬ ከሁለት የውጭ ምሁራን ጋር ያዘጋጁት የጥናት መድበል ጥሩ ጅምር ነው። በአማርኛ ግን ገና ብዙ ይቀራል።

መደምደሚያ

ከላይ የተተነተነው ወደ አንድ ነጥብ ያደርሰናል። ዝና የሚወለደው ከጥበቡ ብቻ አይደለም፤ ስለ ጥበቡ ከሚነገረው ታሪክም ነው። ታሪኩን የሚናገረው የሚያውቀው ሰው ከሆነ ዝናው ፍትሕ ይሆናል። የማያውቀው ሲሆን ግን ወይ ሙዙ ይነግሣል፣ ወይ ጽዋው በ4 ፓውንድ ይሸጣል።

በስደት የሚገኝ ምሁር በዚህ ጉዳይ ላይ ልዩ ኃላፊነት አለበት እንላለን። በቱክዊላም ሆነ በዋሽንግተን፣ በአውሮፕላን ማረፊያው የታክሲ ተራ ከሚጠብቁት ወገኖቻችን መካከል ትናንት በመድረክ የተጫወቱ፣ ግጥም የደረሱ፣ ሥዕል የሣሉ አይጠፉም። ስለዚህ ሦስት ተግባራትን ለአንባቢዎቻችን እናቀርባለን። አንደኛ፣ የእነዚህን ሰዎች ቃል በሕይወት ሳሉ መቅረጽና መጻፍ ነው። ሁለተኛ፣ በየቤቱ ሣጥን ውስጥ ያሉትን ሸክላዎች፣ ካሴቶች፣ የቴአትር ማስታወቂያዎችና የፊልም ቅጂዎች በዝርዝር መመዝገብ ነው፤ ማን ሠራው፣ መቼና የት፣ ከማን ጋር የሚለው ሳይቀር። ሦስተኛ፣ ስለ አማርኛ ፊልም፣ በተለይም ምሁሩ ዝቅ አድርጎ ስለሚያየው ኮሜዲ፣ በአማርኛ ሂስ መጻፍ ነው።

የፊልሙ ነጋዴ ስለ አሻንጉሊቱ እንደ ልቡ ሊናገር የቻለው፣ «የለም፣ ነገሩ እንዲህ ነበር» የሚል ሰው በምድር ላይ ስላልቀረ ነው። እኛ ዘንድ ግን የሚያውቁት ገና በሕይወት አሉ፤ ሥራው መጀመር ያለበትም ከእነርሱ ነው።